ዳጉሳን የናቅሁበት ዘመን

ባለፈው ሳምንት ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት ማዕዘን ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ወጣት "ቲቸር! ቲቸር!" እያለች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጡረታ ልወጣ ስል ካስተማርኋቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ሰላም ትባላለች። ባሕር ዳር ስትሠራ ቆይታ አሁን እዚህ ሱቅ ከፍታለችና ካላዩልኝ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሱቁ መስተዋት በመስተዋት ነው። "ጤናማ" የሚል ቃል ከግድግዳው፣ ከመደርደሪያው፣ ከልጅቷ ሽርጥ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። መደርደሪያው መካከል አንድ ቡናማ ዳቦ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወገቡን በሪባን ታስሮ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። "ቲቸር፣ ዳጉሳ የሚባል እህል ያውቃሉ?" አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ጆሮዬ እንዳይከብደው እየተጠነቀቀች። መልሴን አልጠበቀችም። እሷ ቀጠለች፦ ስኳር ላለበት ነው፣ ደም ግፊት ላለበት ነው፣ ለአጥንት ነው፣ ቦርጭ ለማጥፋት ነው። ከዚያም ቆርሳ አቀመሰችኝ። ጣፋጭ! እንደ ከረሜላ የሚጣፍጥ! ዳጉሳው ለስሙ ያህል ጣል ተደርጎበታል እንጂ የቀረው ያው ፉርኖ ዱቄት ነው፤ ያጠቆረውም የተቃጠለ ስኳር ነው። ለስኳር በሽተኛ ይህን! ዋጋውን ስጠይቃት መቶ ሃምሳ ብር አለች። በእኔ ጊዜ በዚያ ብር የፎገራ ጊደር ትገዛ ነበር፤ ያውም ሻኛዋ የተከመረ።

"እግዜር ይባርክሽ" ብዬ ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ እስከ ቤቴ ድረስ ስንቃት ሄድሁ። ንቀት የማውቀው ሙያ ነው፤ ብዙ ዓመት ደመወዝ እየበላሁ አስተምሬዋለሁ። ልጅቷ ዳጉሳን አሁን ያገኘችው እኔና መሰሎቼ ከዚህ ሜዳ ካጠፋነው በኋላ ነው። ይህን ለሷ መንገር ያስፈልግ ነበር፤ አልነገርኋትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ወረታ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደሴ የባልትና አስተማሪ ተብዬ ተመድቤ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ከጉልበት በላይ የሚቀር የቴትሮን ጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ ተረከዙ እንደ ብርሌ አንገት የቀጠነ ታኮ ጫማ ተጫምቼ ነበር። ክረምት ነበርና አንደኛውን ጫማዬን የፎገራ ዋልካ ጭቃ ውጦ አስቀረው። አንድ እግሬን አንጠልጥዬ ቆሜ አገሩን ስሰድብ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ደግሞ እነሱን ስንቃቸው አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ያን ጊዜ ከተማዋ ከመንገዱ ዳርና ዳር የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች ናት። ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አፍሯቸውን አጎፍረው፣ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ሱሪው ጭቃ እየጠረገላቸው በአስፋልቱ ላይ ይመላለሳሉ። ከየቡና ቤቱ የሸክላ ዘፈን ይጮሃል፤ መርፌው ሲያረጅ ዘፋኙ ራሱ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የከተማዋ ትልቁ ነገር ግን ዳቦ ቤቱ ነበር። አንዱ ዳቦ አሥር ሳንቲም ነው። ጠዋት ጠዋት ሠልፍ አለ። ሠራተኛው ዳቦውን በጋዜጣ ይጠቀልልና አናቱን ገልጦ ይይዘዋል፤ ነጭ መሆኑ ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ። እኔም እንደዚያ ነበር የምይዘው። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ የተማረ ሰው ጠዋት ጠዋት ዳቦ ታቅፎ በኩራት ሲሄድ ምን ይመስል እንደነበር!

ትምህርት ቤቱ የባልትና ክፍል ነበረው። ግድግዳው ላይ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ የሚል ባለ ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ ብርቱካን አለ፣ ዓሣ አለ፣ እንቁላል አለ፣ ነጭ ዳቦ አለ። ዳጉሳ የለም። ውጭ መስኮቱን ከፍቶ ላየ ግን ሜዳው ሁሉ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ጓያና ሽምብራ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ አላየሁም። ልጆቹን ነጭ ዱቄት እየነፋሁ፣ የቆርቆሮ እርሾ በለብ ባለ ውኃ እየበጠበጥሁ፣ ዳቦ እንዴት እንደሚነፋ አስተማርኋቸው። ከተጋገረ በኋላ ቢጨብጡት እጅ ውስጥ የሚጠፋ ዳቦ ነው፤ ግማሹ አየር። "የሠለጠነ ሰው የሚበላው ይህን ነው" እላቸው ነበር። ልጆቹም ይጽፉት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የወላጆች ቀን ሲደርስ የዳቦ ውድድር እናድርግ አልሁ። የከተማውም የገጠሩም እናቶች የጋገሩትን ያመጣሉ፤ ዳኞቹ እኔ፣ ዳይሬክተሩና ከግብርና መሥሪያ ቤት የመጣ ታደሰ የሚባል ጸሐፊ ነን። ይህ ታደሰ ደመቅ ያለ ክራቫት የሚያስር፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር የደንቢያ ልጅ ነው፤ ኋላ ባሌ ሆኗል። ሽልማቱ ስድስት የሸክላ ስኒ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጫጩ ዳቦ ተደርድሮ እያለ አንዲት ሴት በእንቅብ ተሸክማ ገባች። ይታይሽ ትባላለች፤ ቁሐር ሚካኤል ከሚባል ገጠር ነው የመጣችው። ሜዳው ውኃ ቋጥሮ ስለነበር ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሁለት ልጆቿ እኛ ዘንድ ይማራሉ። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። የኮባውን ቅጠል ስትገልጠው ዳቦዋ እንደ አገሩ አፈር ጠቁሮ፣ የቅጠሉ መስመር ታትሞበት ወጣ።

"ከምንድን ነው?" አልኋት።

"ከዳጉሳ ነው መምህርት፤ ጥቂት ስንዴ ገብቶበታል። ልጅን አጥግቦ የሚያውል እሱ ነው። ይቅመሱት።"

እሷ እርስዎ ትለኛለች። እኔ በሁለት ጣቴ ዳቦውን ጫን አደረግሁና፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ይኼ ለከብት ነው፤ አንቺ፣ ለሰው የሚሆን አምጪ" አልኋት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ታደሰ ነው። ይታይሽ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ኮባውን መልሳ ሸፈነችው። "እሺ መምህርት" አለችና እንቅቧን አንሥታ ወጣች። ስኒዎቹን የወሰደችው የአንድ ሹም ሚስት ናት፤ ዳቦዋን ከዳቦ ቤቱ ገዝታ፣ በቅቤ አናቱን ቀብታ እንዳመጣችው ከወር በኋላ ሠራተኛዋ ነገረችኝ። ለማንም አልተነፈስሁም። ዳኛው እኔ ነበርኋ።

ታደሰንና እኔን ያገናኘን ያ ሳቅ ነው ብል ውሸት አይደለም። ሁለታችንም የምንንቀው ነገር አንድ ዓይነት ነበር። ተጋባን፣ ቤት ሠራን፣ ልጆች ወለድን። ዘመኑም እንደኛ ሆነ። ሜዳው ላይ ሩዝ መጣ። ቀድሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ርብ ወንዝ እየሞላ ያጠፋው የነበረው መሬት በሩዝ ገንዘብ አወጣ፤ በዚህ ማንም ገበሬውን አይወቅስም። ሩዙ ነጭ ሆነ፣ ዳቦው ነጭ፣ ስኳሩ ነጭ። ዳጉሳ ወደ አረቄ አውጪዎች ቤት ገባና ከዚያ አልወጣም። ታደሰ ጠዋት ሦስት ዳቦ በአራት ማንኪያ ስኳር ሻይ ይበላል፤ ቦርጩን በመዳፉ እየደበደበ "ሰው መሆኔን ያወቅሁት ነጭ ዳቦ የጠገብሁ ዕለት ነው" ይላል። ቦርጩ እንደ ሹመት ነበር። ሰፈሩም ያከብርለት ነበር። እኔ ደግሞ ባሌ ወፍራም በመሆኑ ባልትናዬ የተመሰከረልኝ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ብላችሁ ጥሩኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ ውኃ ጥም ጀመረው። አንድ ማሰሮ ውኃ ጠጥቶ ሌላ ይጠይቃል። ቦርጩ ሟሟ፣ ክራቫቱ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። ባሕር ዳር ወሰድሁት። ሐኪሙ ገና ጢም ያላወጣ ወጣት ነው፤ ስኳር መሆኑን ነገረን፣ መድኃኒት ጻፈ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ "ነጭ ዳቦ፣ ሩዝና ስኳር ይተዉ። የሚበሉትን ይቀንሱ፤ ዳቦ ካማረዎትም የዳጉሳ ይሁን፤ ገብስም፣ ሽምብራም፣ ጎመንም ይብሉ። እናቶቻችን ይበሉት የነበረውን" አለው። ታደሰ በመንገድ ሁሉ ሳቀበት። "ይኼ ሕፃን በሽተኛ አይደለም የሚለኝ፣ ድሃ ነው የሚለኝ" አለ። ቤት እንደገባን ከደጃፉ ቆሞ አስጠነቀቀኝ፦ "ስሚ፣ ዳጉሳ ከዚህ ቤት ደጃፍ አይገባም። የተማርሁት ከዳጉሳ ለመሸሽ ነው።"

መድኃኒቱን ይውጣል፤ ዳቦውን ግን ይሰርቃል። የገዛ ቤቱን ሌባ ሆነ። ከመሳቢያ ውስጥ፣ ከፍራሽ ሥር፣ ከኮት ኪስ ዳቦ አገኛለሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዝናብ ጣለና ጃንጥላውን ሲዘረጋ ሁለት ዳቦ ከላዩ ወረደበት፤ አንዱ የቄሱ እግር ሥር ተንከባለለ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ የነበረ ሰው! ያን ቀን ናቅሁት። በአንድ አልጋ እየተኛን፣ በአንድ ገበታ እየበላን፣ ልቤ ውስጥ አንድም የርኅራኄ ቃል አልነበረኝም። ይህንን መደበቅ ስለማልችል ነው የምነግራችሁ።

ሐኪሙን አልሰማ ያለው ሰው የቡና ቤት ጓደኞቹን ሰማ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደህ ብትነከር ስኳሩን ጠራርጎ ያወጣልሃል አሉት። ሦስት ሆነው ሄዱ። ውኃው ከሚፈላበት፣ ሌሎቹ ጣታቸውን ነክረው ከሸሹበት ቦታ ላይ ታደሰ እግሩን ነክሮ ተቀመጠ። "እናንተ ሴቶች ናችሁ፣ እኔ ምንም አይለኝ" እያለ ሲፎክር ቆየ። እውነቱን ነው፣ ምንም አላለውም፤ ስኳሩ የእግሩን ስሜት ከገደለው ቆይቷል። ሲያወጣው ቆዳው እንደ ካልሲ ተገፈፈ። በሰው ሸክም አመጡልኝ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ወር ተኛ፤ ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ቆረጡለት። ስንወጣ ያው ወጣት ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ "እትዬ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም። እንዲህ ከቀጠለ በሚቀጥለው የሚመጡት እግሩን ለማስቆረጥ ነው" አለኝ።

ቤት ገብቼ ዳጉሳ ልጋግር ተነሣሁ። ከአረቄ አውጪ ጎረቤቴ አንድ ጣሳ ለምኜ አስፈጨሁ፣ አቦካሁ፣ ጋገርሁ። በጋ እንደ መታው ዋልካ ተሰነጣጠቀ። ደገምሁ፤ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሦስተኛውን ለዶሮ ሰጠሁት፤ ዶሮዎቹ ዞር ብለው አዩኝ። የባልትና መምህርት! ስንት ሺህ ልጅ አስተምሬያለሁ፣ የቆምሁበት አገር ዳቦ ግን ከእጄ አይወጣም። ጎረቤቶቼን ጠየቅሁ፤ አንዷ ረስታዋለች፣ አንዷ አላየችውም፣ አንዷ ደግሞ "እኛ ዳጉሳ በልተን አናውቅም" ብላ ተቀየመችኝ፤ ውሸቷን ነው። ያን ጊዜ ነው የማልፈልገው ፊት ትዝ ያለኝ።

ቁሐር ሚካኤል የሄድሁት ሩዙ ታጭዶ ባለቀበት ወቅት ነው። ከመንገዱ ወርጄ በታጨደው ሩዝ ቀርቀራ መካከል በእግሬ ሄድሁ። ከብቱ በየሜዳው ተበትኗል። ምን እንደምላት ልቤ ውስጥ ስደረድር፣ ስትሰድበኝ የምመልሰውን ሳዘጋጅ ደጇ ደረስሁ።

"ቤቶች!"

"ማነው? ደጉን ያሰማን፣ ግቡ" አለች ከውስጥ። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዓይኗ ያው ነው።

"እኔ ነኝ እትዬ ይታይሽ፤ የድሮዋ የባልትና አስተማሪ። ያውቁኝ ይሆን?"

"አንቺን ነው የማላውቅ?" አለች። አሁን እኔ እርስዎ እላለሁ፣ እሷ አንቺ ትላለች፤ በመጨረሻ ነገሩ ቦታውን ያዘ። አስቀመጠችኝና ከሞሰብ አውጥታ ያቀረበችልኝ ምን ነው? የከተማ ነጭ ዳቦ። "እንግዳ ቢመጣ ብዬ አላጣም" አለችኝ።

ከዳቦው ቆረስሁ። እንደ ምንም ዋጥሁና "የመጣሁት የዳጉሳ ዳቦ እንዲያስተምሩኝ ነው" አልኋት።

"ዳጉሳ? እሱንማ ከዚያ ወዲህ ተውነው። አንቺው አይደለሽ ያሠለጠንሽን?" አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ሽሙጥም የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔን ከምድር ማንሣት አቃተኝና የባሌን ነገር ሁሉ እዚያው ዘረገፍሁት፦ ስኳሩን፣ ወንዛዬን፣ የተቆረጡትን ጣቶች፣ ሊቆረጥ የተቃረበውን እግር። ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ መቀነቷን አጠበቀች።

"ዳጉሳውን አንቺ አምጪ። ኮባው ከጓሮ አለ።"

ወረታ ተመልሼ እህል ነጋዴው ሰዒድ ሱቅ ሄድሁ። ሰዒድ ሁለቱን ልጆቹን አስተምሬለታለሁ፤ ደግ ሰው ነው፣ ቀልድ ግን አይተውም። "እትዬ፣ ማስተማሩን ትተው አረቄ ሊያወጡ ነው?" አለኝ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሳቀ። ለባሌ ዳቦ ልጋግር መሆኑን ስነግረው ሳቁ ጠፋ። "እናቴም እኮ ስኳር አለባት። ከተሳካልዎት ለሷም አንድ ቁራሽ አይንፈጉኝ" አለና ምርጡን ከጓዳ አወጣልኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ "ወፍጮዬን ታጠቁሪብኛለሽ፤ የሰው ነጭ ዱቄት ይበላሽብኛል" ብሎ ተራዬ ከሁሉ መጨረሻ እስኪደርስ ፀሐይ ላይ አቆመኝ። ያን ሰውዬ አልተቀየምሁትም። አነጋገሩ የኔው ነው።

ይታይሽ ዱቄቱን እንዳየችው ቆንጥራ አሸተተችው፣ በምላሷ ነካችው። ከዱቄቱ አንዱን እጅ ብቻ በፈላ ውኃ እንደ ገንፎ አገነፋችው፤ ሲበርድ ከቀረው ዱቄት፣ ከሲሶ ስንዴና ከእርሾ ጋር አዋሐደችው። "ዳጉሳ ብቻውን አይያያዝም፤ ይህን ገንፎ ካላገባሽበት ይሰነጠቃል" አለችኝ። እኔ መጽሐፍ ሳገላብጥ ዕድሜዬን ያላገኘሁት ነገር ይኸው ነበር። ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ ጣል አደረገች። ሊጡን ልነካ ስል እጄን በጥፊ አለችው፦ "አትነካኪው! ይደር!" በነጋታው የብረት ድስቱን ኮባ አልብሳ ሊጡን ገለበጠችበት፣ ኮባ ደረበችበት፣ ክዳኑ ላይ ፍም አደረገች። የመጀመሪያውን እኔ ቶሎ ከፍቼ አበላሸሁት፤ መሐሉ ሰጠመ። ተመለከተችኝ። "አንቺ ድሮም ችኩል ነሽ" አለች። ሁለተኛው ሲወጣ ጓሮው ሁሉ ሸተተ፤ ጎረቤት ያለ አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ "ይታይሽ፣ ምንድን ነው እሱ? ማን ሞቶ ነው?" ብሎ ጮኸ። ዳጉሳ ለተዝካርም ከተጋገረ ስንት ዘመኑ።

ዳቦውን ይዘን አብረን ወረታ ገባን። ታደሰ አልጋው ላይ እግሩን ተጠቅልሎ ተኝቷል። ይታይሽን አላወቃትም። ኮባውን ገልጬ ሳቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ይኼን ለከብት ስጡት" አለ።

የኔው ቃል ነው። በተነገረባት ሴት ፊት ተመልሶ መጣ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ፤ ይታይሽ ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና "ወንድሜ፣ የኔ ከብቶች እግራቸው ሙሉ ነው" አለችው።

ማንም እንዲህ ተናግሮት አያውቅም። ዞር ብሎ አያት። ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ ክንዱን ተደግፎ ቀና አለ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር ያልነገረኝን ነገር ለዚች ላላወቃት ሴት ነገራት። ጎንደር ሲማር እናቱ ከደንቢያ በእግሯ መጣች፤ ስንቅ የዳጉሳ ዳቦ በጀርባዋ አዝላ። ጓደኞቹ ዳቦውን አይተው ሳቁ። እሱም "የቤታችን ሠራተኛ ናት" አላቸው። እሷ ሰማች፤ ዳቦውን ሰጥታው መንገድ ጀመረች። እሱ ጓደኞቹ እያዩት ዳቦውን ከድልድዩ ላይ ወንዝ ወረወረው። "ዞር ስል እዚያው መንገዱ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር" አለ። "ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ አልመጣችም። በዓመቱ ሞተች።"

እኔ ባሌን ስንቀው የኖርሁ ሰው፣ የምንቀውን ሰው እንደማላውቀው ያን ጊዜ ገባኝ። ይታይሽ አላጽናናችውም፣ አልወቀሰችውም። ከዳቦው ቆርሳ "በል እንካ" አለችው። ተቀበላት። ለረጅም ጊዜ አላመጠ።

"ጨው አንሶታል" አለ።

"ጨውም ቀንስ ተብሏል ብላ ሚስትህ ነግራኝ ነው" አለችው።

የተቆረሰለትን ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። እግሩ አልተቆረጠም። መድኃኒቱን እየዋጠ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የምጋግርለትን እየበላ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ገበያው እየተራመደ። አንድ ቀን አመስግኖ አያውቅም፤ ዳቦው ትናንት ይሻል ነበር ይለኛል እንጂ። ሠርግ ስንጠራ የራሱን ዳቦ በጨርቅ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቻችን "እነ ታደሰ ደኸዩ" ብለው አወሩብን። አንዷማ አዝናልኝ ሁለት ኪሎ ፉርኖ ዱቄት በልጇ ላከችልኝ። ሰዒድ ለእናቱ የሚወስደውን ቁራሽ ሰው እንዳያየው በጥቁር ፌስታል ነበር የሚይዘው። ነጩን ገልጦ፣ ጥቁሩን ሸፍኖ፤ ይህችን ከተማ እንዲህ አድርገን ሠራናት። አሁን ደግሞ ጥቁሩ በሪባን ታስሮ ሲወጣ ያው ሰው ተሠልፎ ይገዛዋል። በልቶ አይደለም የሚያውቀው፤ ተነግሮት ነው።

ታደሰ ያረፈው በሁለት እግሩ ሲሄድ ውሎ በመጣበት ቀን፣ በድንገት ነው። ይታይሽ በእርጅናዋ ከቁሐር ሚካኤል ድረስ መጥታ ሦስት ቀን አብራኝ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲበተን ሁለታችን ብቻ ቀረን። እስከዚያ ቀን ይቅርታ አልጠየቅኋትም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየተገናኘን፣ አንድ ሊጥ እየዳሰስን፣ ምናልባት ረስታዋለች፣ ምናልባትም እውነት መስሏት ተቀብላዋለች እያልሁ ስሸሸው ኖሬያለሁ።

"እትዬ ይታይሽ" አልሁ፤ "ያን የወላጆች ቀን ያልሁዎትን ያስታውሱታል?"

"ለከብት ነው ያልሽውን?" አለች። ወዲያው ነው የመለሰችው።

"አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ያን ቀን ስመለስ" አለች፣ "መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ምናልባት ሊጡ ተበላሽቶብኝ ይሆን ብዬ ቆርሼ ቀመስሁት። ምንም አልሆነም። ግሩም ዳቦ ነበር። ርቦኝ ነበርና ግማሹን እዚያው በላሁት።"

"ታዲያ ጥሩ መሆኑን ካወቁ ለምን ተዉት? ቤትዎ ስመጣ ያሠለጠንሽን አንቺ ነሽ ያሉኝ..."

"ቤቴ የመጣ እንግዳ ምን ይባላል?" አለች። ቀጥላም፣ እንደ ተራ ነገር፣ "ልጆቼ አንቺ ዘንድ ይማሩ ነበራ። ስንቃቸውን ሲፈቱ እንድትስቂባቸው አልፈለግሁም" አለች።

ሁለቱንም ልጆች አስታውሳቸዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ነጭ ዳቦ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ከየት እንደሚመጣ፣ እናታቸው ምን ሸጣ እንደምትገዛው አልጠየቅሁም። ክፍሉ ፊት አቁሜ አስጨብጭቤላቸዋለሁ።